የተገዘተ ጓሮ

መሪጌታ ልሳነወርቅ መሞቱን የነገረችኝ ከቡሬ በርበሬ ይዛ የመጣች የአገሬ ሴት ናት። ፍኖተ ሰላም ገበያ መሐል ቆመን፣ «ሰማሽ ወይ? መሪጌታ እኮ አረፉ» አለችኝ። ደረቴን እንድመታ፣ ቢያንስ ነጠላዬን እንዳዘቀዝቅ ጠብቃ ኖሮ ፊት ፊቴን ታየኛለች። እኔ ግን በርበሬዋን አገላብጬ፣ «ይሄ በደንብ አልደረቀም፤ ይሻግታል» አልኳት። ሴትዮዋ አማትባ ሄደች። ቤቴ ገብቼ በሬን ከዘጋሁ በኋላ ንዴቱ መጣብኝ። ሐዘን አላልኩም፤ ንዴት ነው ያልኩት።

ሰው ሁሉ አንቱ ይለው ነበር፤ እኔም ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ። በሆዴ ግን ከፍየሌ ቀን ጀምሮ አንተ ነው። ካረጀሁ በኋላም ቢሆን ፊደል ቆጥሬ በገዛ እጄ ስጽፍ የሚቆጣኝ የለምና እንደ ሆዴ እጽፋለሁ።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የእኛን ጓሮ ከእሱ ጓሮ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሰላምታውም ስድብ የሚመስል ሰው ነበር። በሰፈራችን ሚካኤል ዜማ ያስተምራል። ድምፁ ሰው ያስለቅሳል ይላሉ። እኔ የማውቀው በአጥር ላይ ሲጮህብኝ ነው።

ሌላው ሰው ጌሾና ጎመን በሚያበቅልበት ጓሮ እሱ አበባ ሞላበት። ያውም የማይበላ አበባ። ራስ ክምር፣ አሸንዳ፣ ሬት፤ ዙሪያውን ደግሞ ኮርች። ሁሉም ቀይና ብርቱካንማ ነው። ሲያዩት አበባ የሚወድ ሰው ይመስላል፤ እሱ ግን አበባው ምኑም አልነበረም። የሚፈልገው አበባውን ፍለጋ የሚመጡትን ወፎች ነው።

አገሬው የሚያውቃቸው ናቸው፤ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ፣ ምንቃራቸው እንደ ወስፌ ሹል ሆኖ የጎበጠ፣ ከአበባ ሆድ ውስጥ ማር የሚመጥጡ። ሴቷ አመድማ ናት። ወንዱ ጥላ ላይ ሲቀመጥ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ግን ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። እኛ ዝም ብለን ወፍ እንላቸዋለን። እሱ አበባ ጠጪ ይላቸው ነበር፤ ስም ያወጣላቸውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ እነሱ የሚያውቀውን ከመጽሐፍ አላገኘውም። በርጩማ ላይ ተጎልቶ ከማየት ነው ያገኘው። መጀመሪያ ማር በውሃ በጥብጦ በገል አስቀመጠላቸው። የአካባቢው ንብና ተርብ ሁሉ ተጠራርቶ መጣና ጎረቤቱን ሲነድፍ ሰነበተ፤ ልጄ ዓይኑ አብጦ ሳምንት ተኛ። ከዚያ ገሉን ሰብሮ አበባ መትከል ጀመረ። ቀይ ነገር እንደሚወዱ አየ፤ ማሩ በረጅም አበባ ውስጥ የተደበቀ ከሆነ ንቡ ስለማይደርስበት ለእነሱ እንደሚተርፍ አየ። ሲጠጡ መቆሚያ ይፈልጋሉ ብሎ በየአሸንዳው ሥር ደረቅ እንጨት ተከለ። ኮርቹ ሲረግፍ ሬቱ፣ ሬቱ ሲያልቅ ሌላው እንዲተካ አድርጎ ዓመቱን ሙሉ ጓሮው አበባ እንዳያጣ አደረገ። ለበጋውም ከምንጩ ቦይ ቀዶ ውሃ አስገባለት። ጎጇቸውን በሸረሪት ድር ስለሚሰፉ የቤቱን ድር አይጠርግም ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን እኔ የቤቴን ጣሪያ ስጠርግ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «አንቺ ሴት፣ የሰው ቤት መሥሪያ ምን አድርጊኝ አለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። የሰው ያለው ወፏን ነው።

እንግዲህ ፍየሌ አንድ ቀን አጥሩን ጥሳ ገብታ ራስ ክምሩን በላች። ፍየል ናት፤ ምን ታድርግ? በድንጋይ መትቶ እግሯን ሰበረው። ተሸክሞ አምጥቶ ደጄ ላይ ጣላትና፣ «እረጃት፤ ከዚህ በኋላ ወተትም አትሰጥሽም» አለኝ። ባሌ ስንሻው ዱላውን ይዞ ሲነሣ ጎረቤት ገላገለን።

በዚያው ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ቄስ ይግዛው ደጀ ሰላም ላይ ቆመው ጓሮውን ገዘቱለት። የሚገዝቱበትን ቃል የሰጣቸው እሱ ነው፤ ከጎናቸው ቆሞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «ከመሪጌታ ልሳነወርቅ ጓሮ አበባ የቆረጠ፣ ወፍ የገደለ፣ ያስገደለ፣ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተገዘተ ይሁን! የቤተ ክርስቲያንን ደጃፍ አይለፍ!» አሉ። ግዝት በአገራችን ቀልድ አይደለም። በግዝት የታጠረ ማሳ ዘበኛ አይፈልግም፤ ሌባም ይፈራዋል።

እኔ ግን ሆዴ አሮ ነበርና ከሴቶቹ መሐል ጮኽ ብዬ፣ «ባለጓሮውስ? እሳቸው ሲሆኑ ይፈቀዳል?» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሱ ፊቱ ቀላ። «ባለጓሮውም!» አለ፤ «ይጨምሩበት አባ፤ ባለጓሮውም ይበሉ!» ቄስ ይግዛው አመነቱ። ደግሞ ጮኸባቸውና ጨመሩት።

ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ቡሬ ገባ። ጉብታው ላይ ምሽግ ሠራ። ስንሻውም ቄስ ይግዛውም ዱር ገቡ። ታቦቱ ወደ ቆላ ሸሽቶ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። መሪጌታ የትም አልሄደም። ወፍ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ቀይ ጢም ያለው የምሽጉ መኮንን በበቅሎ ሲያልፍ ኮርቹ አብቦ፣ ወፉ ሲንጫጫበት አየ። አስተርጓሚና አስካሪ የሚባሉትን ጥቁር ወታደሮቹን አስከትሎ ሰተት ብሎ ገባ። ብዙ አልቆየም፤ ቀጭን ጠመንጃውን አወጣና ሁለት ወፎች ጣለ። ከወደቁበት አንሥቶ ላባቸውን አለሳለሰና በጥጥ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። ለካ ወፍ እያደረቀ ወደ አገሩ የሚልክ ሰው ኖሯል። መሪጌታ አስተርጓሚውን፣ «የተገዘተ ነው በለው» አለው። አስተርጓሚው ነገረው። መኮንኑ ስቆ፣ «እኔ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለሁም» አለ። መሪጌታ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉን አየሁ። እግዜር ይይልኝ፣ የፍየሌ ደም ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ስንሻው ጭኑን በጥይት ተመትቶ፣ ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ቁስሉ አመርቅዞ ነበርና ወደ ዱር ይዘውት ሊመለሱ አልቻሉም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከቅንጭቡ አጥር ሥር ካለው ጎተራ ውስጥ አስተኝቼ ከፊቱ ገለባ ከመርኩበት። ከተገኘ እሱ ቡሬ ገበያ ላይ ይሰቀላል፤ ቤቱም ከነልጄ ይቃጠላል። ይህን ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም ነበር፤ የሌሎች ሲቃጠል አይቻለሁ።

መኮንኑ ደግሞ ወፉ ጣመውና በየሳምንቱ ይመላለስ ጀመር። እሱ መሪጌታ ጓሮ ሲቀመጥ አስካሪዎቹ ሥራ ፈትተው እኔ ቤት ይገባሉ። ጠላ ቅጂ፣ እንቁላል አምጪ ይላሉ። ዶሮ ያባርራሉ። አንዱማ ሲደክመው ጠመንጃውን ያንኑ ጎተራ አስደግፎ ቁጭ አለ። ስንሻው ነጠላውን ጎርሶ ሳሉን እንደዋጠ የነገረኝ ከሄዱ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጥላቻዬን ዋጥ አድርጌ ወደ መሪጌታ ሄድኩ።

«ስለ ሚካኤል ብለው ይህን አበባ ይቁረጡልኝ» አልኩት። «ወፉ ከሌለ ነጩ አይመጣም።»

«በሚካኤል ያስገዘትኩትን በሚካኤል ቁረጥ ትይኛለሽ?»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ የምልዎ! ስንሻው ጎተራ ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ። ሲያቃስት ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣኛል። ዱር ሲገባ አማክሮኝ ነበር?»

«ታዲያ ግዝቱን ያስፈቱት!»

«ማን ይፍታኝ? ቄስ ይግዛው ከነባልሽ ጋር ዱር ነው ያለው። ደሞስ ዛሬ ብቆርጠው ነገ መጥቶ ባዶ ሲያገኘው፣ ማን ቆረጠው፣ ለምን ቆረጠው ብሎ ሰፈሩን አያስፈትሽም? አንቺ እኮ ጭንቅላትሽ እንደ ፍየልሽ ነው።»

«ወፍዎ ከሰው በልጦብዎት ነው!»

«በልጦብኛል!» አለኝ። ዓይኑን እንኳ አላሸም። በሩ ላይ እንትፍ ብዬበት ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ያደረገውን ያላየ የለም። የጓሮውን ቦይ በገዛ እጁ ደፍኖ ውሃውን ወደ መንገድ መለሰው። በጋ ነው፤ የኮርቹም አበባ ጊዜው አልፎ ረግፏል። አሸንዳውና ራስ ክምሩ ደረቀ፤ ሬቱ ሳይቀር ተጨማደደ። አንድ አበባ አልቆረጠም። ወዲያውም ዶማና ስልቻ ይዞ በየገደሉና በየረግረጉ ይዞር ጀመር። እንቡጥ የያዘ ሬት ከነሥሩ፣ አሸንዳ ከነአፈሩ እየነቀለ በጀርባው ተሸክሞ ቡሬ ይወጣል። ወዴት ነው ሲባል፣ ወደ ምሽጉ። አስተርጓሚውን፣ «ጌታህ በፀሐይ እየተመላለሰ ለምን ይደክማል? ወፎቹን ደጁ ድረስ ላምጣለት» ብሎት ኖሯል። ምሽጉ ደግሞ ውሃ ሞልቶታል። ከመኮንኑ ቤት አጠገብ ተክሎ፣ መቆሚያቸውን እንጨት ሳይቀር ተክሎ፣ ጠዋትና ማታ እያጠጣ እንዲያብብ አደረገው።

ወፎቹም ጓሮውን ትተው ወደዚያ ሄዱ። መኮንኑ እኛ ሰፈር መምጣቱን ተወ። እኔ እግዜር ጸሎቴን ሰማኝ አልኩ። ሰፈሩ መሪጌታን ባንዳ አለው። ለጣሊያን አትክልተኛ ሆነ ተባለ። ሲያልፍ ሴቱ ፊቱን ያዞራል፤ ዜማ ያስተማራቸው ደቀ መዛሙርት እንኳ ሰላም አይሉትም። እሱም አይላቸውም። እኔ ከሁሉም ብሼ በየደጁ ስሙን አጠፋሁ፤ የሚገባው ነበርና።

አንድ የገበያ ቀን ጨው ልገዛ ቡሬ ወጣሁ። በምሽጉ አጥር ሥር ሳልፍ አየሁት። መኮንኑ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ወፎቹ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸው በክር ታስሮ ተደርድረዋል። አንዱ ገና ወድቆ ነበር። መሪጌታ ጎንበስ ብሎ አነሣው። አቧራውን እፍ አለለት፤ ክንፉን በጣቱ ወደ ጎኑ መለሰለት። ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ አኖረው። ቀረብ ብዬ በአጥሩ በኩል ምራቄን ተፋሁ።

ቀና አላለም። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ተራመደ?» አለኝ።

«ማ?»

«ማ ትይኛለሽ? ያ ያስተኛሽው ነዋ!»

«በዱላ... እስከ በሩ ድረስ» አልኩት።

«ቶሎ በይዋ! አብይው፣ እሽው፣ አስነሽው! ወፎቼ እያለቁብኝ ነው» አለና ቅርጫቱን ይዞ ወደ መኮንኑ ሄደ።

ጨው ሳልገዛ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ሰደብኩት። ምነው ቢነግረኝ? ምነው በዚያች ቀን በበሩ ላይ ስተፋበት አንድ ቃል ቢለኝ? ግን ያ ሰው ደግ ሥራ ሲሠራ እንኳ ሰው እንዳይወድደው አድርጎ ነው የሚሠራው። በየማለዳው ከጉብታው ተኩስ በተሰማ ቁጥር እኔ ስንሻውን ከመኝታው አስነሣዋለሁ። «ቁም፣ ተራመድ» እለዋለሁ። አሞኛል ሲለኝ እቆጣዋለሁ። ለምን እንደምቸኩል ከነገርኩት ወዲያ ስንሻው አሞኛል አላለኝም።

እግሩ እንደጸናለት ወደ ዱር ተመለሰ። በገበያው ቀን ወጥቼ በአጥሩ በኩል፣ «ሄደ» አልኩት። መሪጌታ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። በማግስቱ ወደ ምሽጉ አልወጣም፤ በሦስተኛው ቀን አስካሪዎች መጥተው አውጥተው ደጁ ላይ ገረፉት። «አርጅቻለሁ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ጀርባው ተተልትሎ ተኝቶ ሳለ ለጋ ቅቤ ይዤለት ገባሁ። «ቅቤሽን ለባልሽ አድርጊው» ብሎ መለሰኝ። ጎትጉቼው ቢሆን ኖሮ ይቀበለኝ ነበር ትሉ ይሆናል። አታውቁትም።

ጣሊያን ሲወጣ አርበኞቹ ገቡ። ሰፈሩ ተንጋግቶ የጠቆመው መሪጌታን ነው። እጁን የፊጥኝ አስረው ሲያመጡት ስንሻው ከመሐል ወጥቶ ፈታው። «ዋሱ እኔ ነኝ። እኔ ዛሬ ቆሜ የምሄደው በእሳቸው ነው» ብሎ ለሕዝቡ ሁሉን ተናገረ። ሰው አፈረ፤ አንዳንዱ ጉልበቱን ሊስም ቀረበ። መሪጌታ የታሰረበትን እጁን እያሸ፣ «ሞኝ! ማን ተናገር አለህ?» ብሎት ሄደ።

ታቦቱ ተመለሰ፤ ቄስ ይግዛውም መጡ። የመጀመሪያው ቅዳሴ ቀን ሕዝቡ እልል እያለ ሲገባ መሪጌታ ከቅጥሩ በር ላይ ቀረ። ቄስ ይግዛው ወደ እሱ ወጡ። እኔና ስንሻው አጠገቡ ነበርን።

«ምነው መሪጌታ፣ አይገቡም?»

«በግዝት ነኝ።»

«ወፍ ገድለዋል?»

«አስገድያለሁ።»

«ግዝቱን እያወቁ?»

«እኔው አይደለሁም እንዴ ያስገዘትኩ?»

ቄስ ይግዛው መስቀላቸውን አወጡ። ፊታቸው ላይ እዝነት ይታያል። «እሺ፤ ይሁን። ተጸጽቻለሁ ይበሉና ልፍታዎ።»

መሪጌታ ስንሻውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው።

«አልተጸጸትኩም» አለ።

«እንዲያው ለወጉ...»

«አልተጸጸትኩም አባ። ተጸጽቻለሁ ካልኩማ ይህ ሰውዬ ተሰቅሎ ቢሆን ይሻል ነበር ማለቴ ነው። አልልም።»

እኔ አላስቻለኝም። «ምናለ አንዴ ቢሉ? በአንድ ቃል ነው የሚገቡት!» ብዬ ጮኽኩበት።

«በታቦት ፊት ልዋሽልሽ?» አለኝ።

ቄስ ይግዛው መስቀሉን እንደያዙ ቀሩ። ያልተጸጸተ ሰው አይፈታም፤ እሱም ያውቀዋል፣ እሳቸውም ያውቁታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪጌታ በየሰንበቱና በየበዓሉ ይመጣል፣ ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ይቆማል፣ ዜማውን ከዚያው ሆኖ ይቀበላል። ጓሮውን ዳግመኛ ውሃ አላስገባበትም። ክረምት ሲመጣ በራሱ ጊዜ ያበበ ራስ ክምር አይጠፋም ነበርና ከወፎቹ የተረፉት መመላለስ ጀመሩ። እሱ ግን በርጩማውን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቷቸው ይቀመጣል። የማልወደው ሰው ነው ብያለሁ፤ ያን ጀርባውን ባየሁ ቁጥር ግን ምግብ አልበላ ይለኝ ነበር።

ስንሻው ግን ነገሩ እንደ እሾህ ሆነበት። በየሰንበቱ በመሪጌታ ፊት አልፎ ሲገባ አንገቱን ይደፋል። አንድ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነጭ ለብሰን እንደ ወትሯችን ሄድን። ስንሻው በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ግንቡን ተደግፎ ከመሪጌታ ጎን ቆመ።

«ምን ልሁን ብለህ ነው?» አለው መሪጌታ።

«ከአንቱ ጋር ልቁም ብዬ ነው።»

«ግባ።»

«አንቱ ሳይገቡ አልገባም።»

መሪጌታ መቋሚያውን አነሣና ያንኑ የዳነውን እግሩን አቀመሰው። ሰው ሁሉ ዞረ። ያ ሰውን ያስለቅሳል የሚሉት ድምፅ ከበሮውን በልጦ ተሰማ።

«ግባ ብዬሃለሁ! ከደጅ እንድትቆም ነው ወፎቼን ያስፈጀሁት?»

ስንሻው እያነከሰ ገባ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቀና ብዬ ሳላየው፣ በፊቱ አልፌ ተከተልኩት።